ለስኪዞአፌክቲቭ ሕመም በሚወሰድ መድኃኒት ላይ ፀረ-ድባቴ መጨመር፦ አማራጮችን ለማነጻጸር የሚረዳ መመሪያ

ስኪዞአፌክቲቭ ሕመም (የስኪዞፍሬኒያና የስሜት መቃወስ ምልክቶች አብረው የሚታዩበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው ይሰማው የነበረው ድምፅ ጠፍቶ፣ ያስጨንቀው የነበረው ጥርጣሬ ረግቦ ሳለ ከአልጋው መነሣት ሊያቅተው፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ሊያስጠላው፣ መኖር ራሱ ሊከብደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ታማሚውም ሆነ ቤተሰቡ ሐኪሙን የሚጠይቁት በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ አሁን በሚወሰደው መድኃኒት ላይ ፀረ-ድባቴ ቢጨመርስ? ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ይዘው ወደ ሐኪም ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አማራጮቹ በምን በምን እንደሚለያዩና የትኛው ለየትኛው ታማሚ እንደሚስማማ ያነጻጽራል። መድኃኒት መጀመር፣ መጠን መለወጥም ሆነ ማቋረጥ ግን ታማሚውን በሚያውቀው ሐኪም እጅ የሚቆይ ውሳኔ ነው።

አቋሜ ከመነሻው ቢታወቅ ይሻላል። ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ለአንዳንድ ስኪዞአፌክቲቭ ታማሚዎች እውነተኛ ጥቅም አለው፤ «ሳይኮሲስ (የሌለ ነገር መስማትና ማየት ወይም የተሳሳተ ጽኑ እምነት) ይቀሰቅሳል» ተብሎ በጅምላ መከልከሉ ትክክል አይደለም። ይሁን እንጂ ጥቅሙ የሚገኘው የሕመሙ ዓይነት ታውቆ፣ ሳይኮሲሱ ጋብ ብሎ፣ መሠረታዊው መድኃኒት በትክክል እየተወሰደ መሆኑ ተረጋግጦ ሲጨመር ነው። እነዚህ ሳይጣሩ የተጨመረ ፀረ-ድባቴ ብዙውን ጊዜ የሚያስገኘው ተጨማሪ ኪኒንና ተጨማሪ የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ነው።

የሕመሙ ዓይነት ውሳኔውን እንዴት እንደሚለውጥ

ስኪዞአፌክቲቭ ሕመም ሁለት ዓይነት አለው። የድባቴ ዓይነት የሚባለው ከሳይኮሲሱ ጋር ከባድ ድባቴ ብቻ የታየበት ነው፤ የባይፖላር ዓይነት የሚባለው ደግሞ በሕመሙ ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት መነቃቃት፣ የታየበት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ለሁለቱም ዓይነት አንድ መለያ አስቀምጧል፦ የስሜት መቃወስ በሌለበት ቢያንስ ለ2 ሳምንት የዘለቀ የተሳሳተ ጽኑ እምነት ወይም የሌለ ነገር መስማትና ማየት መኖር አለበት፤ የስሜት መቃወሱም አብዛኛውን የሕመሙን ዘመን የሸፈነ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ነጥብ ሕመሙን ሳይኮሲስ ካለበት ድባቴና ከባይፖላር ሕመም ይለየዋል፤ ሁለተኛው ከስኪዞፍሬኒያ ይለየዋል።

ልዩነቱ ለፀረ-ድባቴ ጥያቄ ወሳኝ የሚሆነው ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ማኒያ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ነው። ችግሩ ማኒያ የነበረበት ሰው ያንን ጊዜ እንደ ሕመም አለማስታወሱ ላይ ነው። «ያኔ እንኳ ጥሩ ነበርኩ፣ ብዙ ሥራ እሠራ ነበር» ይላል። በሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሳይደክመው መነሣቱን፣ ሰው ሊያቋርጠው እስከማይችል ድረስ መናገሩን፣ ያለውን ገንዘብ በቀናት ውስጥ መጨረሱን፣ አንድ ትልቅ ነገር ለመጀመር ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ ማደሩን የሚያስታውሱት እናቱ፣ እህቱ ወይም የትዳር ጓደኛው ናቸው። ስለዚህ ፀረ-ድባቴ የመጨመር ውይይት በሚደረግበት ቀን ታማሚው ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ አብሮት የሚኖር ሰው መገኘቱን እንደ ምርመራው አካል አድርጎ መቁጠር ይገባል። በቅርብ ዘመድ ውስጥ ባይፖላር ሕመም መኖሩ፣ ወይም ከዚህ ቀደም ፀረ-ድባቴ ሲጀመር በቀናት ውስጥ እንቅልፍ ጠፍቶ መናገርና መቅበጥበጥ በዝቶ ማወቁ እንዲሁ መነገር ያለበት ነው።

የሚታየው ነገር በእርግጥ ድባቴ ነውን?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድባቴ የሚመስሉ፣ ነገር ግን በፀረ-ድባቴ የማይድኑ፣ አንዳንዶቹም የሚባባሱ ነገሮች ስላሉ።

አንደኛው አካቲዢያ ነው። አካቲዢያ በፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት የሚመጣ፣ ውስጥን የሚያቁነጠንጥ፣ ቁጭ ብሎ መቆየትን የሚከለክል ስሜት ነው። ታማሚው ተቀምጦ ሳለ እግሩን ያወዛውዛል፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ ያነባብራል ወዲያው ያወርዳል፣ ምግቡን ሳይጨርስ ይነሣል፣ በክፍሉ ውስጥ ይመላለሳል፣ ከቆመም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል። ሲጠየቅ «ጭንቀት ነው» ወይም «ከቆዳዬ መውጣት ነው የሚያሰኘኝ» ሊል ይችላል፤ መሞትን እስከመመኘትም ሊያደርሰው ይችላል። ይህንን ድባቴ ነው ብሎ ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን ፀረ-ድባቴ መጨመር ችግሩን ሊያከፋው ይችላል፤ ምክንያቱም ፀረ-ድባቴዎች ራሳቸው አካቲዢያ ያመጣሉ፣ ከዚያም በላይ ፍሉኦክሰቲን የአንዳንድ ፀረ-ሳይኮሲሶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። መፍትሔው የፀረ-ሳይኮሲሱን መጠን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መለወጥ ወይም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ለአካቲዢያ የሚሰጥ መድኃኒት መጠቀም ነው።

ሁለተኛው የፊት መደንዘዝ፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትና የድምፅ መቀዝቀዝ ነው። እንደ ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ባሉ ፀረ-ሳይኮሲሶች ወይም ከፍ ባለ የሪስፐሪዶን መጠን ላይ ያለ ሰው ፊቱ ስለማይንቀሳቀስና እጁን ሳያወዛውዝ ስለሚሄድ ያዘነ ይመስላል። ሐኪሙ ክንዱን አጥፎ ሲዘረጋው መገተር ካገኘ ነገሩ የመድኃኒት ጉዳት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሦስተኛው የስኪዞፍሬኒያ ባሕርይ የሆነው የተነሣሽነት መጥፋት ነው፤ ይህ ያለበት ሰው ፍላጎት የለውም፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አያዝንም፣ ራሱን አይወቅስም፣ ተስፋ ቆርጫለሁም አይልም። ድባቴን ከዚህ ለመለየት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ካልጋሪ የሚባል ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አለ፤ ሐኪምዎ እንዲጠቀምበት መጠየቅ ነውር የለውም። የሕመም ታሪክ ብዙ ነገር ያሳጣው ሰው የሚሰማው ሐዘን፣ ማለትም የተቋረጠ ትምህርት፣ የፈረሰ ትዳር፣ የራቁ ወዳጆች የሚያመጡት ሐዘን ደግሞ በመድኃኒት ብቻ የሚመለስ አይደለም።

በመጨረሻ የደም ምርመራ አለ። በተለይ ሊቲየም የሚባለውን ስሜት ማረጋጊያ የሚወስድ ሰው የታይሮይድ ዕጢው ሥራ ሊቀንስ ስለሚችል ድካም፣ የክብደት መጨመር፣ ብርድ አለመቻልና ድብርት ሲታይበት ፀረ-ድባቴ ከመታዘዙ በፊት የታይሮይድ ምርመራ መደረግ አለበት። የደም ማነስ፣ የአልኮልና የአነቃቂ ነገሮች ተጽዕኖም በዚሁ ወቅት ይታያል።

አንደኛው አማራጭ፦ ሳይጨምሩ ያለውን ማስተካከል

ድባቴ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም የመጀመሪያው ጥያቄ መሠረታዊው መድኃኒት በትክክል እየሠራ ነው ወይ የሚለው ነው። ኪኒን መዝለል ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው፤ የሚዘለልበት ምክንያት የጎንዮሽ ጉዳት ከሆነ ደግሞ ሌላ ኪኒን መጨመር የሚዘለለውን ቁጥር ከማብዛት በቀር ጥቅም አይኖረውም። በተጨማሪም ሳይኮሲሱ ገና ንቁ ከሆነ ድባቴው ከእርሱ ጋር አብሮ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ፀረ-ሳይኮሲሱ በበቂ መጠን ለተወሰኑ ሳምንታት ሲወሰድ ሁለቱም አብረው የሚሻሻሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለስኪዞአፌክቲቭ ሕመም በስሙ ፈቃድ ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያገኘው ፓሊፐሪዶን የሚባለው ፀረ-ሳይኮሲስ ነው፤ ኪኒኑ በ2009፣ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠው መርፌ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ.። ፈቃዱ መድኃኒቱ ብቻውን እንዲሰጥም፣ ከስሜት ማረጋጊያ ወይም ከፀረ-ድባቴ ጋር ተዳምሮ እንዲሰጥም ነው። አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ አብዛኛው በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ፣ በጉበት በኩል ከሚፈጩ ፀረ-ድባቴዎች ጋር የመጋጨት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። በአንጻሩ የኩላሊት ድካም ላለበት ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት፤ የፕሮላክቲን ሆርሞንንም ከፍ ስለሚያደርግ የወር አበባ መዛባትና የወሲብ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ኩዌቲያፒንና ሉራሲዶን በባይፖላር ድባቴ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጥቅም ያሳዩ ፀረ-ሳይኮሲሶች ስለሆኑ፣ የባይፖላር ዓይነት ስኪዞአፌክቲቭ ላለበት ሰው ፀረ-ድባቴ ከመጨመር ይልቅ ወደ እነዚህ መለወጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ አማራጭ ነው። ኩዌቲያፒን በቀን 300 ሚሊግራም ላይ ለባይፖላር ድባቴ የሠራ ሲሆን ወደ 600 ማሳደግ ለድባቴው የጨመረው ጥቅም አልነበረም፤ ዋጋው እንቅልፍና ክብደት ነው። ሉራሲዶን ክብደት ላይ ያለው ጫና አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ 350 ካሎሪ ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ባዶ ሆዱን የሚተኛ ሰው ይህን መድኃኒት ቢወስድ እየታከመ ነው ማለት አይቻልም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲደጋገም ክሎዛፒን የሚባለው ፀረ-ሳይኮሲስ ለብቻው መታየት አለበት። ስኪዞፍሬኒያ ወይም ስኪዞአፌክቲቭ ያለባቸውንና ራሳቸውን ለማጥፋት ከፍተኛ ስጋት የነበረባቸውን 980 ታማሚዎች ያካተተ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ክሎዛፒን ከኦላንዛፒን ይልቅ ራስን የማጥፋት ሙከራን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ፀረ-ድባቴ እየለዋወጡ ወራትን ማሳለፍ እጅግ የሚያሳዝን የጊዜ ብክነት ነው። ክሎዛፒን የደም ሴል ክትትል፣ የልብና የሆድ ድርቀት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከባድ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሕይወትን የሚያተርፍበት ቦታ ይኸው ነው። ሐሳቡ ወደ ዕቅድ ከተለወጠ ግን የመድኃኒት ንጽጽር ይቆይ፤ ታማሚው ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ስሜት ማረጋጊያ

ይህ አማራጭ በዋናነት የባይፖላር ዓይነት ላለበት ሰው ነው። ሊቲየም ከድባቴም ከማኒያም ይከላከላል፣ ራስን ከማጥፋት ጋር በተያያዘም ለረጅም ጊዜ የሚታወቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን ጠባብ ነው። ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል መካከል እንዲሆን የሚፈለግ ሲሆን፣ ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ትውከትና ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ላብ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች መጠኑን ወደ መርዛማነት ሊያደርሱት ይችላሉ።

ላሞትሪጂን ማኒያን በመከላከል ደካማ፣ ድባቴን በመከላከል የተሻለ ነው፤ ክብደት አይጨምርም፣ አያደነዝዝም። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ ሽፍታ ስለሚያመጣ በቀን 25 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት፣ ከዚያ 50 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት እየተባለ በዝግታ ይጨመራል፤ ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ ስሜት ማረጋጊያ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመነሻው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ከጥቂት ቀናት በላይ ከተቋረጠ ወደ ቀድሞው መጠን በአንድ ጊዜ አይመለስም፤ ሐኪምን ጠይቆ እንደ አዲስ መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። አሁኑኑ ለከበደ ድባቴ ስለዚህ ፈጣን መልስ አይሆንም።

ቫልፕሮኤት ለማኒያ ጠንካራ ነው፣ ለድባቴ ግን ያን ያህል አይደለም፤ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ደግሞ በፅንስ ላይ ከፍተኛ ጉዳት ስለሚያደርስ ሌላ አማራጭ ካለ መታዘዝ የለበትም። በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል። ካርባማዘፒን ብዙ ፀረ-ሳይኮሲሶችን በጉበት ውስጥ ቶሎ እንዲጠፉ ስለሚያደርግ ለዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ፀረ-ድባቴ መጨመር

ማስረጃው በመጀመሪያ የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን ወቅትን ስንለይ ይስማማል። በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ገና በንቁ ሳይኮሲስ ላይ ላሉ ታማሚዎች ከሃሎፔሪዶል ጋር አሚትሪፕቲሊን ወይም ዴሲፕራሚን ሲጨመር የሐሳብ መዛባታቸውና የሌለ ነገር መስማታቸው የዘገየ መሻሻል አሳይቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሳይኮሲሳቸው ካለፈ በኋላ ድባቴ ለቀረባቸው ሰዎች ኢሚፕራሚን መጨመሩ ጠቅሟል። አንድ ዓይነት የመድኃኒት ቤተሰብ በንቁ ሳይኮሲስ ወቅት ሲጎዳ፣ ሳይኮሲሱ ከረገበ በኋላ ሲጠቅም ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. 82 ጥናቶችንና 3,608 ታማሚዎችን ያጠቃለለ ትንተና ከፀረ-ሳይኮሲስ ጋር የተጨመረ ፀረ-ድባቴ በድባቴውም ሆነ በተነሣሽነት መጥፋት ላይ አነስተኛ ግን የሚታይ ጥቅም እንዳለው፣ ሳይኮሲስንም እንደማያባብስ አግኝቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ80,000 በላይ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን የአሜሪካ ታማሚዎች መዝገብ የተከታተለ ጥናት ደግሞ ሁለተኛ ፀረ-ሳይኮሲስ ከተጨመረላቸው ይልቅ ፀረ-ድባቴ የተጨመረላቸው በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የመግባታቸው ዕድል አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው በስኪዞፍሬኒያ ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ለድባቴው ዓይነት ስኪዞአፌክቲቭ መመሪያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለባይፖላር ዓይነቱ ግን በቀጥታ አይሠሩም።

ለባይፖላር ዓይነቱ ይበልጥ የሚቀርበው በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የባይፖላር ድባቴ ጥናት ነው። ስሜት ማረጋጊያ እየወሰዱ ለነበሩ 366 ሰዎች ፓሮክሰቲን ወይም ቡፕሮፒዮን፣ አለዚያም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ተጨመረላቸው፤ ዘላቂ መሻሻል ያገኙት ፀረ-ድባቴ ከወሰዱት 23.5 በመቶ፣ ባዶውን ከወሰዱት 27.3 በመቶ ነበሩ። ወደ ማኒያ የተሻገሩትም በሁለቱ በኩል ተቀራራቢ ነበሩ። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው፦ ስሜት ማረጋጊያ ከሥር ካለ የማኒያው ስጋት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚጠበቀው ጥቅምም ትንሽ ነው። ስለዚህ የባይፖላር ዓይነት ያለበት ሰው ከሥሩ ስሜት ማረጋጊያ ወይም ማኒያን የሚከላከል ፀረ-ሳይኮሲስ ሳይኖረው ፀረ-ድባቴ ፈጽሞ ብቻውን መውሰድ የለበትም፤ ድባቴና ማኒያ በአንድ ጊዜ የተደባለቁበት ወቅት ላይም አይጀመርም።

ከፀረ-ድባቴዎች የትኛው?

ሁሉም ፀረ-ድባቴዎች በጥቅም ተቀራራቢ ናቸው፤ ምርጫውን የሚወስነው ከሥር ያለው ፀረ-ሳይኮሲስ ማንነት ነው። ይህንን ነጥብ ታማሚዎች ይዘውት ቢሄዱ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

ሰርትራሊን ለብዙዎች የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ይገባዋል እላለሁ። በተለመደው መጠን ሌሎች መድኃኒቶችን የማወክ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው፤ በልብ ምት ላይ ያለው ተጽዕኖም ከሲታሎፕራም ያነሰ ነው። ሆድን ማወክ የታወቀ ባሕርይው ነው። ሲታሎፕራምና ኤሲታሎፕራም ከፀረ-ሳይኮሲሶች ጋር ብዙም አይጋጩም፤ ነገር ግን የልብን ኤሌክትሪክ ምት ያዘገያሉ። ሲታሎፕራም በቀን ከ40 ሚሊግራም፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም ዚፕራሲዶን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ቢደረግለት አስፈላጊ ጥንቃቄ ነው።

ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ሪስፐሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና አሪፒፕራዞል የሚፈጩበትን የጉበት መንገድ ይዘጋሉ። አሪፒፕራዞል የሚወስድ ሰው ከእነዚህ አንዱ ሲጨመርለት የአሪፒፕራዞሉ መጠን በግማሽ እንዲቀንስ ይመከራል። ሪስፐሪዶን የሚወስድ ሰው ላይ ፍሉኦክሰቲን ከተጨመረ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መገተር፣ መቁነጥነጥና ፊት መደንዘዝ ቢመጣ፣ ድባቴው ተባብሷል ተብሎ የፍሉኦክሰቲን መጠን ከማሳደጉ በፊት ሪስፐሪዶኑ ከፍ ብሎ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። ይህ ስሕተት ቀላል ስለሚመስል ሳይታወቅ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ፍሉቮክሳሚን ክሎዛፒን ለሚወስድ ሰው በተለመደ መንገድ አይታዘዝም። የክሎዛፒንን መጠን በደም ውስጥ ብዙ እጥፍ ስለሚያደርግ ለመውደቅና እንደ የሚጥል በሽታ ላለ መንቀጥቀጥ ይዳርጋል፤ የኦላንዛፒንንም መጠን ከፍ ያደርጋል። ቡፕሮፒዮን ክብደትና የወሲብ ችግር ባለማምጣቱ ይወደዳል፤ ነገር ግን የመንቀጥቀጥ ስጋትን ያሳድጋል፣ ክሎዛፒን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያ ስጋት አስቀድሞም አለበት። በዶፓሚን በኩል ስለሚሠራ ሳይኮሲሱ ገና ያልረጋ ሰው ላይ ባይጀመር እመርጣለሁ።

ሚርታዛፒን እንቅልፍ ላጣና ክብደት ለቀነሰ ሰው ይስማማል፤ በ15 ሚሊግራም አካቲዢያን ሊያቀል እንደሚችልም ጥናቶች አሳይተዋል። ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን ላይ ክብደቱ ለጨመረ ሰው ግን ሌላ ሸክም ነው። አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን የቆዩና በብዙ ቦታ የሚገኙ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሆኖም አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ደም ግፊት ያወርዳሉ፣ በብዛት ከተወሰዱ ልብን ያቆማሉ። ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ለሚፈራለት ሰው የአንድ ወር ኪኒን አንድ ጊዜ መስጠት አይገባም። ክሎዛፒንና ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ላይ እነዚህ ሲጨመሩ የሆድ ድርቀቱ አንጀትን እስከመዝጋት ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህን ጥምረት ባይሞክሩት ይሻላል። ቬንላፋክሲን ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ማኒያ የመግፋት ዝንባሌ ስላለው የባይፖላር ዓይነት ላለበት ሰው ከመጨረሻዎቹ ምርጫዎች ውስጥ ይቀመጣል።

ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከብዙዎቹ ፀረ-ድባቴዎች ጋር ሲደረብ ላብ፣ ትኩሳት፣ የጡንቻ መንዘፍዘፍና የአእምሮ መዛባት ሊያስከትል ስለሚችል ለማንኛውም ሐኪምና የመድኃኒት ባለሙያ ፀረ-ድባቴ እንደሚወስዱ ይንገሩ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ሴሮቶኒን ላይ ከሚሠሩት ፀረ-ድባቴዎች ጋር የመድማት ዕድልን ያሳድጋሉ።

ኪኒን ያልሆኑ አማራጮች

የሥነ-ልቦና ሕክምና፣ በተለይ አስተሳሰብንና ድርጊትን የሚያክመው ዓይነት፣ ሕመሙ ባደረሰው ኪሳራ ለተሰበረ ሰው ከመድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ቢሰጥ ዋጋው ትልቅ ነው። መብላት ላቆመ፣ መናገር ላቋረጠ ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ ለሆነ ሰው ደግሞ በማደንዘዣ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና ከማንኛውም ፀረ-ድባቴ ፈጣን ነው፤ በፍርሃት ወደ ጎን መባሉ ያሳዝናል።

ሲጀመር ምን ይታያል፣ መቼስ ይቆማል?

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ፀረ-ሳይኮሲስ በተለወጠበት ወር ፀረ-ድባቴም ቢጨመር፣ የተሻሻለው ወይም የተባባሰው በየትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለብዙ ነገሮች ማስታወሻ መያዝ ከባድ ከሆነ አንዱን ብቻ ይምረጡ፦ የእንቅልፍ ሰዓት። በየጠዋቱ ስንት ሰዓት እንደተኙና ስንት ሰዓት እንደተነሡ ይጻፉ። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ ቀንሶ ድካም ከሌለ፣ ንግግር ከፈጠነ ወይም ቁጣ ከቀረበ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ያግኙ። ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምርባቸው ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 24 ዓመት ድረስ የሚዘልቅ ማስጠንቀቂያ በሁሉም ፀረ-ድባቴዎች ላይ አስቀምጧል፤ በእነዚህ ሳምንታት ቤተሰብ ቀረብ ብሎ ይከታተል።

በበቂ መጠን ከ6 ሳምንት በኋላ ምንም ለውጥ ካልታየ መድኃኒቱን «ይኑር» ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ ወይ ይለወጥ፣ ወይ ቀስ ተብሎ ይቋረጥ። በብዙ ታማሚዎች መዝገብ ላይ ማን ለምን እንደጀመረው የማይታወቅ ፀረ-ድባቴ የሚገኘው ይህ ውሳኔ በጊዜው ስላልተወሰደ ነው። ከጠቀመ፣ ድባቴው ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በኋላ ለድባቴው ዓይነት ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል፤ ለባይፖላር ዓይነቱ ግን ስሜቱ ከረጋ ማቋረጡን ቀደም ብሎ ማሰብ ይመረጣል።

ማቋረጡ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን በድንገት ሲቆሙ ማዞር፣ መነጫነጭና በጭንቅላት ውስጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት ስለሚያመጡ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳሉ። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው በብዙ ሳምንታት ስለሆነ የማቋረጡ ምቾት ማጣት ይቀልላል፤ ይሁን እንጂ ከፍ አድርጎ የያዘው የሪስፐሪዶን ወይም የሃሎፔሪዶል መጠን ከእርሱ ጋር አብሮ በዝግታ ይወርዳል። ስለዚህ ፍሉኦክሰቲን ከቆመ ከአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ በኋላ ድምፅ መስማት ወይም ጥርጣሬ ቢመለስ፣ ቆሞ የነበረው ኪኒን ድንገት ላይታወስ ይችላል። ፀረ-ድባቴው የቆመበት ቀን በሕክምና ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራትም በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ ለሐኪሙ ይነገር፤ ሐኪሙ የፀረ-ሳይኮሲሱን መጠን መልሶ ማስተካከል ሊኖርበት ይችላልና።